አልጋ ያለው ጋቢና

ሀይፋ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በሯ ላይ "ፎቶ፣ ፎርም፣ ትኬት" የሚል ወረቀት የተለጠፈባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ሰባት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ ላፕቶፕና የአውሮፕላን መንገድ ዕውቀት ነው። ባሕር ሊሻገር የተነሣ ሁሉ መጀመሪያ የሚረግጠው የእሷን ደጃፍ ነው። ሻንጣ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ፣ የት ላይ ቀበቶ እንደሚያስፈቱ፣ ሽንት ቤቱ ውኃ ሲለቅ እንደ ጅብ እንደሚጮኽና ማንም እንዳይደነግጥ ሳይቀር ትመክራለች። ወሬ ትወዳለች፤ ሰውም ይወዳታል።

የማትስቅበት ነገር ግን አንድ አላት። ጅዳ ሳለች እናቷ ዓሊማ ሞተው፣ ዘመድ አዝማድ ተማክሮ ዓመት ከአራት ወር ደብቋታል። "እማን አገናኙኝ" ባለች ቁጥር "ገበያ ወጥታለች፣ ጎረቤት ሄዳለች፣ አሁን ገና ጋደም አለች" እያሉ። ለእናቷ ጉልበት ብላ የገዛችውን ብርድ ልብስ ታቅፋ ከሚኒባስ ስትወርድ ነው ደጅ ላይ ጩኸቱን የለቀቁባት። ያን ቀን፣ "እኔ በሰው ላይ እንዲህ ያለውን ከሠራሁ አላህ አይማረኝ" ብላ ምላለች።

ጥቅምት በገባ በሰባተኛው ቀን ጧት የኋላሸት ከካናዳ ደወለላት። የኋላሸት የጋሽ አድማሴ አንድ ልጅ ነው። አሳንሰር የሚተክል ድርጅት ቀጥሮት አሥራ ሁለት ዓመት ከአገር አገር ሲበር ኖሯል። የበረረው መንገድ እየተቆጠረ በማይል ይጠራቀምለት ነበር፤ በዚያ ማይል አባቱን፣ ያውም በአውሮፕላኑ የፊት ማዕረግ፣ ሊያስመጣቸው ካሰበ ቆይቷል። ቪዛው በነሐሴ ወጥቷል። የቀረው አየር መንገድ መምረጥ ብቻ ነበር።

"ሀይፋ፣ ብቻሽን ነሽ?" አላት። ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

"ብቻዬን ነኝ። ምነው?"

"ጉበቴ ነው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ በሳምንት ቁጠር ብለውኛል።"

ሀይፋ ከወንበሯ ተነሣች፤ መልሳ ተቀመጠች።

"አባባ እንዳይሰማ" ሲል ቀጠለ። "ግፊት አለበት። ይህን ሰምቶ ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ቢነሣ፣ እኔ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። እዚህ ሲመጣ፣ እጁን ይዤ እኔው እነግረዋለሁ። ሁለት አየር መንገዶች ላይ ቦታ አግኝቻለሁ፤ ፊተኛው ጥቅምት አሥራ ሁለት ነው የሚነሣው። እሱን አስመርጪልኝ። እኔ ይህን ያዝ ካልኩት ይጠረጥራል፤ አባቴን አዝዤው አላውቅም።"

"የኋላሸት፣ እኔን በዚህ አታስገባኝ። እናቴን እንዴት እንዳረዱኝ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። አማና ነው፣ ሀይፋ።"

አማና ካሉ ወዲያ ምን ቃል አለ? እሺ አለች።

ጋሽ አድማሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ረፋዱ ላይ ደረሱ። እኅታቸው እትዬ በለጡ ተከትለዋቸዋል። ጋሽ አድማሴ ከደሴ መካነ ሰላም ሠላሳ ዓመት አይሱዙ የነዱ ሰው ናቸው። አንድ ክረምት ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ዳሌያቸውን ሰብሯቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀጥ ብለው መቀመጥ አይችሉም። ወንበር ላይ እንኳ እንደ ተጫነ እንጨት ወደ ጎን ያጋድላሉ።

"እስቲ የዚህን ማይል ነገር አስረጂኝ" አሉ። "ልጄ ስለ ተሳፈረ ነው የሚሸልሙት? እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው ሳጓጉዝ ማን ማይሌን ቆጠረልኝ?"

"ያንተን ዳሌህ ቆጥሮልሃል" አሉ እትዬ በለጡ።

ሀይፋ ልትስቅ ሞከረች። ላፕቶፑን ወደ ሽማግሌው አዞረች። "ጋሽ አድማሴ፣ ሁለት አየር መንገዶች አሉ። ይኸኛው በአውሮፓ በኩል ነው፤ የዛሬ አምስት ቀን ይነሣል። ያኛው በዐረብ አገር በኩል ነው፤ ኅዳር ሦስት።"

"ጋቢናቸውስ?"

"ምናቸው?"

"የፊት ማዕረግ የምትሉት ጋቢና አይደል? ኋላ ያለው ጭነት ላይ ነው።"

"እንግዲያ ጋቢናቸው…" ፎቶውን አሳየቻቸው። "የአውሮፓው አውሮፕላን እስከሚቀየርበት ድረስ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል። እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃሉ። ከዚያ ወዲያ ባለው መንገድ የፊቱ ቦታ አልቋል፤ ስምንት ሰዓት እንደማንኛውም ሰው በወንበር ነው። የዐረቡ ግን እስከ መጨረሻው አልጋ ነው። በር እንኳ አለው፣ ይዘጋል። መቆያውም ሁለት ሰዓት ናት።"

ጋሽ አድማሴ መነጽራቸውን አውጥተው ፎቶውን ልክ አዲስ መኪና እንደሚገዛ ሰው መረመሩት። ጣታቸውን በአልጋው ርዝመት ላይ አስኬዱ። "በር ያለው" አሉ። "በለጡ፣ ይህን አየሽልኝ? ነዋሪ ነው እንጂ መንገደኛ አይባልም።"

"አይ አንተ! ገብተህ እንዳትቀር" አሉ እኅትየው። "ደግሞስ አሥራ ሁለትን ምን ብለህ ታስበዋለህ? የሚስትህን ተዝካር ለማን ጥለህ? ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ቄሶቹ ተነግረዋል። የትምወርቅ ሰባት ዓመት አፈር ውስጥ ስትጠብቅህ ከርማ፣ አንተ ሰማይ ላይ አልጋ ዘርግተህ ልትተኛ!"

የትምወርቅ የየኋላሸት እናት ናት። የሰባት ዓመት ተዝካሯ ለጥቅምት ሃያ ሰባት ተቆርጧል።

"ጋሽ አድማሴ፣ እኔን ቢሰሙኝ ፊተኛውን ይያዙ" አለች ሀይፋ። "ተዝካሩን እትዬ በለጡ ያወጡታል። የማይል ቦታ ሲገኝ ነው የሚያዝ፣ ይሞላል።"

"የኋለኛው ሞልቷል?"

"አልሞላም።"

"እና?"

"የዐረቡ አየር ማረፊያ ሰፊ ነው፤ ይጠፋሉ ብዬ ነው።"

"አንቺው አይደለሽ፣ ባለፈው ለአንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ያደርሱሻል ስትያት የነበርሽው?"

ሀይፋ ዐይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። እጇ የላፕቶፑን ክዳን ይነካካል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁና ትክ ብለው አዩዋት። ሠላሳ ዓመት የሞተር ድምፅ ያዳመጠ ጆሮ ነው፤ የጎደለ ነገር አያልፈውም።

"ሀይፋ።"

"አቤት።"

"ልጄ ደኅና ነው?"

ውጭ የሚኒባስ ረዳት "ደሴ! ደሴ!" እያለ ይጮኻል። እትዬ በለጡ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። ሀይፋ ብርድ ልብሱን ታቅፋ የቆመችበት ደጅ መጣባት። የኋላሸት ከጉድጓድ የመጣ ድምፁም መጣባት። ሽማግሌው ደግመው ከጠየቁ ልትነግራቸው ቆርጣ ነበር፤ እሳቸው ግን ዳግመኛ አልጠየቁም፣ ጠበቁ።

"ደኅና ነው፣ አልሐምዱሊላህ" አለች።

ጋሽ አድማሴ እፎይ አሉ። "ደኅና ከሆነስ ምን ያጣድፈኛል? እናቱን በወጉ አስቤ፣ ዳሌዬን ዘርግቼ እሄድለታለሁ። ስብርብሬ ወጥቶ ፊቱ ብወድቅለት ምን ደስ ይለዋል? የዐረቡን ቁረጪ።"

ቆረጠች። ለየኋላሸት፣ "ኅዳር ሦስትን መረጡ። ደኅና ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ደኅና ነው አልኳቸው" ብላ ጻፈችለት። መልሱ ማታ መጣ፤ "አልጋው ይሻለዋል። እጠብቀዋለሁ" ይላል።

ተዝካሩ አማረ። ድንኳኑ ሞላ፤ ሀይፋም ከነቤተሰቧ ተጠርታ ለእስላም በተለየው ዳስ ተቀመጠች። ጋሽ አድማሴ በሰው መካከል እያነከሱ፣ "ብሉ፣ ጠጡ" ይላሉ፤ ለሚጠይቃቸው ሁሉ በር ስላለው ጋቢና ይተርካሉ። በተዝካሩ ማግሥት የየኋላሸት የሥራ ባልደረባ ከካናዳ ለሀይፋ ደውሎ ማረፉን ነገራት። የኋላሸት ስልኩ ላይ "የአገር ቤት ተጠሪ" ብሎ ያስቀመጠው የእሷን ቁጥር ነበር።

እንደ ወጉ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ንጉሡ ነገረች። እንደ ወጉ ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ አውቆ አባትየው ብቻ ሳያውቁ ዋሉ። ጋሽ አድማሴ መናኸሪያ ወርደው ሻንጣ ሲገዙ፣ ባለ ሱቁ ዐይኑን ሰብሮ ሸጠላቸው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃቸው ደረሱ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጋሽ አድማሴ በሩን ከፍተው ሰዉን አንድ በአንድ አዩ። ከመካከላቸው ማን እንደጎደለ ፈለጉ፤ ሁሉም አለ። ያልነበረው ልጃቸው ብቻ ነው። አቶ ንጉሡ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከዘራው ከጋሽ አድማሴ እጅ ወደቀ።

ጋሽ አድማሴ ሀይፋን ያስጠሯት በሦስተኛው ቀን ነው። ዳሱ ውስጥ ፍራሽ ላይ በጎናቸው ጋደም ብለዋል። እትዬ በለጡ ፊታቸውን አዞሩባት። "አውቀሽ ነበር አሉ" አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም።

"አውቄ ነበር" አለች ሀይፋ።

ጋሽ አድማሴ አልተቆጡም። መቆጣቱም ጉልበት ይጠይቃል። እንድትቀርብ በእጃቸው ጠቀሷት።

"ሬሳውን ይልካሉ አሉኝ።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ያ የቆረጥሽልኝ ቦታ አለ አይደል? አልጋው።" በክርናቸው ተደገፉ። "በራሱ ማይል የተገዛ ነው። እኔ መሄዴ ቀርቷል። ያን ጋቢና ለእሱ አዙሪለት። ተዘርግቶ ይምጣ። በሩንም ይዝጉለት።"

የእድርተኛው ዐይን ሁሉ ሀይፋ ላይ አረፈ፤ አቶ ንጉሡ ከኋላ ሆነው፣ እሺ በያቸው ለማለት፣ ራሳቸውን ነቀነቁላት። እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። ሬሳው ሲደርስ ማን በየት እንደመጣ ይጠይቃል?

"አይሆንም፣ ጋሼ" አለች። "ሬሳ ጋቢና አይገባም። ከታች ነው የሚመጣው።"

"ከጭነት ጋር?"

"ከጭነት ጋር።"

ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ጭነት ባሰሩበት እጅ የፍራሹን ጠርዝ ያዙ።

"ሸራ ያለብሱታል?"

ሀይፋ ይህን ሁሉ ዘመን ስለ አውሮፕላን ሰው ስታስተምር፣ ይህን የጠየቃት አልነበረም።

"አላውቅም፣ ጋሼ" አለች። ስልኳን አወጣች። "አሁን ደውዬ እጠይቅልዎታለሁ። ያሉኝን፣ ያሉኝን ብቻ ነው የምነግርዎ።"