እትዬ ደብዳቤ እና የመታጠቢያ ቤቱ በር

እኔ አናጺ ነኝ። የመጋቢያችንን ሚስት ታሪክ ያወቅኩትም በሙያዬ ሰበብ ነው። ከመጋቢው ጋር አብሮ አደግ ስለሆንን፣ ሌላው «እርስዎ» ሲለው እኔ «አንተ» እለዋለሁ።

እሷን ፊት ለፊት «እትዬ» እንላት ነበር፤ ዞር ስትል ግን «እትዬ ደብዳቤ» ናት። በክፋት የወጣ ስም አይደለም። ከማግባቷ በፊት ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታለች፤ እሷ ሥራውን ብትተወውም ሥራው እሷን አልተዋትም። ለወተት አምጪው በር ላይ የምትለጥፍለት ማስታወሻ እንኳ ቁጥርና ቀን ነበረው፤ ከግርጌው ደግሞ «ከሰላምታ ጋር» ይላል።

የሚኖሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በአንድ ግቢ ባለ፣ ስንት መጋቢ በተፈራረቀበት አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። የኮሪደሩ ወለል ድመት ስትሄድበት ሳይቀር ይጮኻል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ዝናብ ሲመጣ በመጋቢው የንባብ ክፍል መጻሕፍቱ ወደ ግራ፣ ባልዲው ወደ መሃል ይሄዳል። የወጥ ቤቱ መስኮት ከተከፈተ የሳሎኑ በር ራሱን ይዘጋል። ከሁሉ የባሰው ግን ቤቱ የጋራ መሆኑ ነበር። ምእመኑ በሙሉ «ቤታችን» ይለዋል፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ የቀድሞው መጋቢ ሚስት መጋረጃ እንዴት ያምር እንደነበር ተናግሮ ይወጣል። አንድ ቀን እትዬ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከመኝታ ክፍሏ ብቅ ስትል፣ አንዲት ሴትዮ ለእንግዶቿ ኮሪደሩን ስታስጎበኝ አገኘቻት። ሴትዮዋ ቅንጣት አልደነገጠችም። «ይህቺ ደግሞ የመጋቢው ባለቤት ናት» ብላ አስጎብኝታት አለፈች።

የመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ በውስጥ በኩል የወለቀው እዚያ ቤት በገቡ በሁለተኛው ወር ነው። ከውጭ ይከፈታል፤ ከውስጥ ግን ቀዳዳ ብቻ ቀረ። መጋቢው የአንድ ማንኪያ እጀታ ሞርዶ በቀዳዳው ልክ አደረገውና በውስጥ በኩል ከሚስማር ላይ አንጠለጠለው። ማንኪያውን ከተው ያዞራሉ፣ በሩ ይከፈታል። እንግዳ ሲመጣ በመጀመሪያ ሻይ፣ ቀጥሎ የማንኪያው ትምህርት ይሰጠዋል።

እትዬ ይህን በዝምታ የምታልፍ ሰው አይደለችም። በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያኑ የሕንፃ ኮሚቴ ትጽፋለች፦ «ጉዳዩ፦ የመታጠቢያ ቤት በር እንዲጠገን ስለመጠየቅ።» የኮሚቴው ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ መልስ በመስጠት አይታሙም። «ጉዳዩ በጥሞና እየታየ ነው» ይላል መልሳቸው። አሥር ዓመት ሙሉ በጥሞና ታየ። እኔም ሁለት ጊዜ በነፃ ልጠግን ብዬ ነበር። «ያለ ኮሚቴው ውሳኔ አንዲት ሚስማር እንዳትመታ!» ብለው መለሱኝ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት የገና ዕለት ነው ነገሩ የፈነዳው።

እትዬ ከአምልኮ በኋላ አሥራ አራት ሰው ለምሳ ጠርታለች። ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ በዋዜማው ማታ የመጡት፣ የማንኪያውንም ትምህርት ገና ያልወሰዱት የመጋቢው እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ጠዋት ጠረጴዛውን ሲያሰናዱ ማንኪያ ቆጠሩ፤ አሥራ ሦስት ብቻ ሆነ። ቤቱን ዞረው ፈለጉ። መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ከሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን አዩት። «ምን ዘመን ነው ጃል፣ ማንኪያ እንደ ሥዕል ይሰቀላል?» አሉና ወስደው በደንብ አጥበው በጠረጴዛው ራስ፣ በክብር እንግዳው ቦታ አኖሩት።

አምልኮው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን መጋቢው ጢሙን ሊላጭ ገባ፤ በሩንም ዘጋ። ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ሚስማሩን ቀና ብሎ ቢያይ ባዶ ነው።

«ማንኪያ!» ብሎ ጮኸ።

ሊቀመንበሩ ደግሞ መጋቢውን ሊወስዱ ያኔ ኮሪደሩ ላይ ደርሰዋል። ቆም አሉ።

«መጋቢው እዚያ ውስጥ ምን እየበሉ ነው?»

«በሩ ነው ጋሼ» አለች እትዬ፣ ማንኪያውን ከጠረጴዛው አንስታ እየመጣች። «በደብዳቤ የሚያውቁት በር። አሁን ከውጭ እከፍትለታለሁ።»

«ቆይ፣ ቆይ። እስቲ እኔ ልየው። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ሳስተዳድር ስንት በር አይቻለሁ። በር አይበላሽም እትዬ፤ የሚበላሸው አያያዙ ነው።»

ማንኪያውን ከእጇ ወሰዱ፣ በሩን ከውጭ ከፍተው ገቡ፣ ለማስተማር ብለውም ከኋላቸው ዘጉት። ከውስጥ ትንሽ ማንኳኳት፣ ትንሽ ማቃሰት ተሰማ። ቀጥሎ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ።

«እትዬ?» አሉ ሊቀመንበሩ በመጨረሻ።

«አቤት ጋሼ።»

«እስቲ ከውጭ ይክፈቱልን።»

እትዬ እጀታውን አዞረችው። እንደ ሰዓት ዘንግ ዙሪያውን ዞሮ መጣ። ማንኪያው ከውስጥ ተሰብሮ፣ የቁልፉንም አንጀት ይዞ ነው የሄደው።

ከመዘምራን መሃል እኔን ጠርተው አመጡኝ። ማጠፊያዎቹ በዝገትና በሰባት ዓይነት ቀለም ተለስነዋል፤ ያለ መሣሪያ የሚነቀሉ አይደሉም። መሣሪያዬ ደግሞ ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሱቄ ውስጥ ነው።

«ትከሻዬን ልስጠው?» አልኩ።

«እንዳትነካ!» አሉ ሊቀመንበሩ ከውስጥ። «ይህ በር የምእመናን ንብረት ነው! ለመስበር የኮሚቴ ውሳኔ ያስፈልጋል።»

«እኔስ የማን ንብረት ነኝ?» የሚል የመጋቢው ድምፅ ተከተለ።

ብስክሌቴን ይዤ በረርኩ። ስለዚህ ቀጥሎ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ አርባ ሰው ግን ነግሮኛል፣ የሁሉም ወሬ ደግሞ ባስገራሚ ሁኔታ ይገጥማል።

ሦስት ሰዓት ሆነ። መዘምራኑ የሚያውቁትን መዝሙር ሁሉ ጨረሱ፤ ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ያኔ የመጋቢው ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ ማንም ሳይልካት ከመድረኩ ፊት ቆማ «አባዬ መታጠቢያ ቤት ተቆልፎበታል፤ ጋሼ ሊቀመንበርም አብረውት ናቸው» ብላ አወጀች። ይህን ብላ እየሮጠች ወጣች፤ ያለ ወቅቱ ካፊያ ቢጥልም ሕዝቡ በሙሉ ከኋላዋ ግልብጥ ብሎ ወደ ግቢው ሄደ።

የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ጠባብ ነው፤ የብረት ፍርግርግም አለው። መጋቢው የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ወጥቶ በፍርግርጉ መሃል ፊቱን አሳየ፤ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ ነጭ አረፋ ነው። ሊቀመንበሩ እንዳይወድቅ ወገቡን ይዘውታል። ልጅቷ አሥራ አራት ገጽ የተጻፈውን ስብከት ከጠረጴዛው ልታመጣ ስትሮጥ እማማ ቀሚሷን ያዙ።

«ተይው የኔ ልጅ፤ ሰው ብርድ ላይ ነው።»

መጋቢውም ያለ ወረቀት ተናገረ።

«ወገኖቼ፣ በየገናው ያንን የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ስወቅሰው ኖሬአለሁ። በሩን ዘጋባቸው፣ ጨካኝ ነው እያልኩ። ዛሬ ሳስበው ግን፣ ምናልባት እጀታው ወልቆበት ይሆናል።»

ሕዝቡ ሳቀ። እሱም ሳቀና አረፋው አፉ ውስጥ ገባበት።

«ከተዘጋ በር ጀርባ ያለ ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም» አለ አፉን ጠርጎ። «አንዳንዱ መክፈቻ አጥቶ ነው። አንኳኩታችሁ መልስ ካጣችሁ፣ ‹ጠልቶኝ ነው› ብላችሁ አትሂዱ። ትንሽ ቆዩና ድገሙ። እንኳን አደረሳችሁ። አሜን።»

ይኸው ነው። በሃያ ዓመት አገልግሎቱ እንደዚያ አጭር ሰብኮ አያውቅም፤ ሰው እስከ ዛሬ በቃሉ የሚያስታውሰውም ይህን ብቻ ነው።

እትዬ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ነበረች። የአሥራ አንደኛውን ዓመት ደብዳቤ ጽፋ ከበዓሉ በኋላ ልትሰጥ መሳቢያ ውስጥ አኑራው ነበር። ሄዳ አመጣችው፤ ከአንድ አጭር እርሳስ ጋር በበሩ ሥር አሾለከችው።

«ይህ ምንድነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የሚያውቁት ነው ጋሼ።»

«አሁን ጊዜው ነው እንዴ እትዬ?»

«ስመጣ ሁልጊዜ ‹ጊዜ የለኝም› ይሉኛል። ዛሬ ጊዜ አለዎት ብዬ ነው።»

መነጽራቸውን ስላልያዙ መጋቢው አነበበላቸው። እርሳሱን እያገላበጡ «አንድ ሰው ብቻውን አይወስንም፤ ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል» አሉ። መጋቢው እንደገና ወደ መስኮቱ ወጣ።

«የሕንፃ ኮሚቴ አባላት፣ በሩ ይጠገን የምትሉ እጅ አውጡ!»

ግቢው በእጅ ተሞላ። እማማ አወጡ፣ ወተት አምጪው አወጣ፣ በመንገድ የሚያልፍ አንድ የማይታወቅ ሰውዬም አወጣ። ከእነሱ መሃል ግን አምስቱ እውነተኛ አባላት ነበሩ፤ ከሰባት አምስት ይበቃል።

ሊቀመንበሩ ሊፈርሙ ወረቀቱን የመጋቢው ጀርባ ላይ ዘርግተው ጎንበስ ሲሉ፣ ራሰ በራቸው ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ቀና ሲሉ ግንባራቸው ላይ ደገመ።

«ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?»

«ደብዳቤ ቁጥር አራት፣ ጋሼ፤ ስለ ጣሪያውም የጻፍኩበት» አለች እትዬ ከውጭ።

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። «ጣሪያውም ይጨመር» ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈው ፈረሙ። ወረቀቱ በበሩ ሥር ተመለሰ፤ ማኅተም ባይኖረውም የሳሙና አረፋ ነበረበት።

እኔ ላቤን እያንጠፈጠፍኩ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው። መዶሻና መሮ አንስቼ ዝገቱን ሰባበርኩ፣ የላይኛውን ማጠፊያ ነቀልኩ። ታችኛውን ከመንቀሌ በፊት «ከበሩ ራቁ!» ብዬ ጮህኩ። ሊቀመንበሩ ግን አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ፣ ምን እንዳልኩ ለማጣራት ጭራሽ በሩን ተደገፉ። በሩ ወደ ኮሪደሩ ነው የሚወድቀው፤ ወደቀም። እኔ ከሥር፣ በሩ ከመሃል፣ ሊቀመንበሩ ከላይ። ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና መጀመሪያ የተናገሩት «በሩ ተጎዳ?» የሚል ነው። ስለ እኔ የጠየቀ የለም።

ሁሉም ሲስቅ እትዬን አጣኋት። ወጥ ቤት ገብቼ ባይ ከምድጃው አጠገብ ቆማ፣ ወረቀቱን ይዛ ታለቅሳለች።

«ምነው እትዬ? ተሳካልሽ አይደል እንዴ?»

«እኔም አላውቅም» አለች፤ በመሐረብ አፍንጫዋን ጠረገች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጽፍ፣ ሞኝ እንደምመስላቸው አውቅ ነበር። ከጎን እየሳቁብኝ እንደሆነም አውቅ ነበር። ግን ካልጻፍኩ ይህ ቤት መቼም ቤቴ አይሆንም አልኩ። ለሰው ቤት ማን ይጽፋል?»

እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ያኔ ድንቹ ማረር ጀመረ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ምን ያያል!» ብላ ጮኸችብኝና ሁለታችንም ወደ ድስቱ ተሯሯጥን።

ለጥገናው ሦስት ቀን ይበቃኛል ብዬ ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። አሮጌ ቤት እንደ ሹራብ ነው፤ አንዱን ክር ስትስበው ሌላው ይከተልሃል። የበሩን ጉበን ስነካ ግድግዳው ተላጠ፤ ግድግዳውን ስይዝ የወለሉ ጣውላ በስብሶ ተገኘ። ምሳዬን እዚያው እበላለሁ፣ ስሠራ እዘምራለሁ፤ መጋቢው ስብከት መጻፍ አቅቶት ጆሮውን በጥጥ ደፈነ። እትዬም በስድስተኛው ሳምንት «ጉዳዩ፦ መዝሙር ስለመቀነስ» የሚል ማስታወሻ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ።

ልጅቷ ግን ከሥሬ አልጠፋችም። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን ትወረውርና ሚስማር ታቀብለኛለች፤ ቆይታ ሜትሩን ያዘች፣ ቆይታ መጋዙን። ዛሬ የራሷ ሱቅ አላት፤ እውነቱን ልናገርና ከእኔ ትበልጣለች። ያኔ በዘጠነኛው ሳምንት ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያ ዕቃ የእማማ ምርኩዝ ነበር። አንድ ስንዝር ያህል አጥሮባት ልታለቅስ ስትል፣ እማማ ከእጇ ነጠቋት። «ማን አጠረ አለሽ? ልኬ ነው» አሉ፤ እስኪሞቱም ድረስ በእሱ ልክ ጎንበስ ብለው ዞሩ።