ሳይግል የፈላ ውሃ

ልጅ እያለሁ ውሃ ከፈላ ፈላ ነው ብዬ አምን ነበር። ጨንቻ ላይ ለተወለደች የሰባት ዓመት ልጅ ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋታል? ድስቱ ሲንተከተክ መስማት፣ ሲርበኝም ክዳኑን ገለጥ አድርጌ ማሽተት ይበቃኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ታደለ እዚያው ጨንቻ ሳይንስ ያስተምር ነበር። ከቆላ፣ ከጫኖ፣ አስቴርን አግብቶ መስቀል ሊደርስ ሲል ቤታችን አመጣት። በእኛ ቤት የመስቀል እንግዶች የሚቀምሱትን የመጀመሪያ ድስት የምትጥደው አዲሷ ምራት ነበረች። አስቴርም ከእናቷ ጓሮ ያመጣችውን ቀይ ቦሎቄ ጣደች። በጫኖ ልማድ ውሃው ከፈላ በኋላ ሦስት ጊዜ ማገዶ ከተጨመረ ቦሎቄ ይበስላል። ቅቤ ልታነጥር ስትሄድ ማንኪያ ሰጠችኝና «ሦስተኛው ማገዶ ሲያልቅ ቅመሺልኝ» አለችኝ። እኔ ደጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ችቦ ሳስር ቆየሁ። ስትጠይቀኝ ግን «ቀምሼዋለሁ፣ በስሏል» አልኳት።

እንግዶቹ ቦሎቄውን ሲቆረጥሙ የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ሽማግሌ የጎረሱትን በዘዴ ወደ መዳፋቸው መለሱት። እናቴ እንግዶቹ እስኪወጡ ታገሰችና «የቆላ ልጅ ማገዶ ትሰስታለች፤ ጥሬ አበላችን» አለች። አስቴር ጓዳ ገብታ ልብሷን ቋጠረች፤ በማግስቱ ወደ ጫኖ ልትወርድ ነው። እኔም አፌን ለጉሜ ጥግ ላይ ቆምኩ።

ታደለ ከትምህርት ቤት ቦርሳው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አወጣ። ከእሳት ወርዶ ጸጥ ካለው ውሃ ጥቂት ሳበ፤ የሲሪንጁን አፍ በጣቱ ደፍኖ ዘንጉን ወደ ኋላ ጎተተው። ውሃው ፈላ። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ወንድሜ እጅ ውስጥ ግን ውሃው ይንተከተካል። ሲለቀው ተኛ፤ ሲጎትተው እንደገና ፈላ። እናቴ አማተበች።

«እማዬ፣ ውሃን ተጭኖ የሚይዘው የአየሩ ክብደት ነው» አላት። «ክብደቱ ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን በደንብ ሳይግል ነው። እዚህ ደጋው ላይ አየሩ ሳስቷል። አስቴር ደግሞ በጫኖ ልክ ነው የቀቀለችው።»

እናቴ ሲሪንጁን ተቀብላ ራሷ ሞከረችው። ደግማ ሞከረችው። «አየሩም ክዳን ነው በለኛ» አለችና ጓዳ ገባች። የአስቴርን ቋጠሮ በገዛ እጇ ስትፈታ «የእኛን አገር ውሃ ሳላስተምርሽ ነው የፈረድኩብሽ፣ ልጄ» ስትላት ሰማሁ።

ዛሬ የምኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ እናቴም ካረፈች ቆየች። ሰሞኑን ልጄ ስልኳ ላይ ማርስን አሳየችኝ። እዚያ አየሩ እጅግ ስስ ስለሆነ ውሃ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም፣ ወይ ይተናል ወይ በረዶ ይሆናል አለችኝና ወደ ሌላ ቪዲዮ አለፈች። እኛ በአንዲት ሲሪንጅ ስንት ዓመት ተገርመን ኖርን! እኔ ግን ከበረንዳው ቁልቁል የአባያን ሐይቅ አየሁት። ያን ሁሉ ውሃ የማናየው ክዳን ተጭኖ ይዞልናል። እንዴት ያለ ድንቅ ነው አልኩ፣ እናቴም ባየችው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ባለፈው መስቀል ጨንቻ ወጥቼ ለአስቴር ተናዘዝኩ፤ ያን ቀን ቦሎቄውን አልቀመስኩትም አልኳት። ቦሎቄ እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳን አላለችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «በኋላ ሳነሳው ማንኪያው ደረቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«በዚያ ቤት ከወንድምሽ ሌላ የምትስቅልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺን አስገርፌ ከማን ጋር ልኑር?»