ሀብተ ሚካኤል የቀባት ጀልባ

ደባርቅ ውስጥ በግቢዋ ጀልባ ያሳደረች ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ አለች የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። በሰኔ፣ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ወጥቶ ሰፈሩን ባለበሰበት ከሰዓት፣ አማቼ ማዕረግ በፒካፕ ተሳቢ እየጎተተ መጣና በራችን ጠበበው። የአጥሩን ጥግ ንዶ ገባ። ተሳቢው ላይ የብረት ጀልባ ተጭናለች። «እማዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አጥሩን እኔ እሠራዋለሁ» አለኝ። አልሠራውም፤ እስከ ዛሬ እንደተናደ ነው።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። አንዷ ጎረቤቴ የከብት ማጠጫ ገንዳ መስሏት «ይህን የሚያህል ምን ልታረቡ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አልፈረድሁባትም። እኔም ብሆን ጀልባ በቴሌቪዥን ካልሆነ አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የመጣው በልጃችን በወርቄ ነው። ወርቄ ከተከዜ ወንዝ ማዶ አግብታ ሄዳለች። ያን ያህል ርቃ መሄዷን አልወደድሁትም፤ ግን ማዕረግን ወደደችው፣ ምን ይደረጋል። ማዕረግ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሰውና እህል በጀልባ ያሻግራል፤ ድልድዩ ከእነሱ መንደር ሩቅ ነው። አሁን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በእኛ አገር ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ገንፎዋን የማገነፋው እኔ፣ ወገቧን የማሸው እኔ፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ የማርሳት እኔ። ቅቤዋን ከፋሲካ ጀምሬ አስቀምጬላታለሁ። ቀደም ብላ ልትመጣ ስትል የድሮዋ ጀልባቸው ሆዷ ዝጎ ተበሳች፤ ወንዙም ሳይታሰብ ሞላ። እሷ ማዶ ቀረች፣ ቀኗ ገፋ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

ማዕረግ ነፍሰ ጡር በማትችለው መንገድ በድልድዩ ዞሮ፣ ጎርጎራ ድረስ ሄዶ ያገለገለች ጀልባ ገዛ። ታችዋ ግን ቀለሟ ተላልጦ ዝገት ጀምሯታል። «ወንዝ ከመግባቷ በፊት መቀባት አለባት። ከአባቴ በቀር የማምነው ሰው የለም» አለ። አባቴ የሚለው ባሌን ነው። ማር ነው የልጁ አፍ።

ባሌ ሀብተ ሚካኤል ቀለም ቀቢ ነው። በልጅነቱ ዳባት አካባቢ ቆሎ ተማሪ ነበር። ዜማ ሊማር ገብቶ ድምፁ አልታዘዝ አለው። መምህሩ ብዙ ታገሡትና በመጨረሻ «ልጄ፣ ልቡ አለህ፣ ጉሮሮው ግን የለህም» ብለው የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት እንዲቀባ ቀለም ሰጡት። በዚያው ቀረ። የደባርቅን የብረት በር ግማሹን እሱ ቀብቶታል ብል አላጋነንሁም። ዘገምተኛ ነው። ሌላው ጠዋት ጀምሮ ማታ የሚያስረክበውን በር እሱ ሳምንቱን ሙሉ ያሸዋል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል። እየሠራም በዚያ በማይታዘዝ ድምፁ ያዜማል። ጎረቤቱ ይስቅበታል። እኔ ስቄበት አላውቅም። እሺ፣ ስቄ አውቃለሁ፣ ግን እሱ ፊት አይደለም።

ጀልባ እንደ በር አጋድመው የሚገለብጧት ነገር አይደለችም። ተሳቢው ላይ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች አሉ፤ እነሱ ላይ ተኝታለች። ሀብቴ ከሥሯ ጆንያ አነጠፈና በጀርባው ተንጋለለ። ዝገቱ እየረገፈ ጢሙን ቀይ አደረገው። «ሂና ተቀባህ እንዴ?» ብዬ ቀለድሁበት። አልሳቀም። ስለ ወርቄ ሲያስብ ቀልድ አይሰማም። እኔ ጉሙ እንዳይገባባት በዙሪያዋ ሸራ ወጠርሁ፤ በዚህ ወር እኛ ጋ ቀለም እንኳን ሊደርቅ፣ ልብስም ገመድ ላይ ሰንብቶ እርጥብ ነው።

መጀመሪያ ዝገት የሚከለክለውን አንቲረስት ቀባ። ቀጥሎ ሰማያዊውን ቀለም አመጣ። ጎኗን ደጋግሞ ደረበላት፣ የአፏን ዙሪያ እንደ ሙሽራ ኳላት። ሆዷን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አለፈባት፤ እንጨቶቹ ላይ ያረፈችበትን ደግሞ ጭራሽ አልነካውም። «እሱ መቀመጫዋ ነው፤ ምን ያገኘዋል?» አለኝ። ማዕረግ የተሳቢውን ጎማ ሊያስጠግን ገበያ ወርዶ ስለነበር አላየውም። እኔም ትክክል መሰለኝ። እኛ የደጋ ሰዎች ውኃ ከላይ ሲመጣ ነው የምናውቀው። ሀብቴ ዕድሜውን በሙሉ የተጣላው ከዝናብ ጋር ነው። ቆርቆሮም ሲቀባ በርም ሲቀባ፣ ላዩን ካዳነ ታቹ ለራሱ ያውቃል።

ሰማያዊው ገና እርጥብ እንዳለ የንስሐ አባታችን አባ ሰይፈ ሥላሴ ከች አሉ። ማንም አልጠራቸውም። ወርቄ የምትሻገርባት ጀልባ መምጣቷን ሰምተው ጸበል ይዘው መጥተዋል። ጸሎቱን አደረሱና ጸበሉን በቸርነት ረጩባት፤ አልሰሰቱም። የንስሐ አባቱን ጸበል ይዘው እያየ «ይቆዩ፣ ይድረቅ» የሚል ማን አለ? ጠብታ ያረፈበት ቀለም ሁሉ ፈንጣጣ እንደጎበኘው ፊት ጎደጎደ። አባ ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ አላስተዋሉም። በረንዳው ላይ አስቀምጬ ጠላ ቀዳሁላቸው።

ሀብቴ የተበላሸውን ሊያይ ጎንበስ አለ። ጸበሉ በጎኗ ወርዶ እንጨቶቹ ጋ ይንጠባጠባል። ጠብታው ቀይ ነው። በመዳፉ ተቀበለው።

«ባንቻየሁ» አለኝ። እንዲህ በሙሉ ስሜ ሲጠራኝ እፈራለሁ። «ይቺ እኮ ውኃ ላይ ነው የምትቀመጠው። እኔ እንደ ጣራ ነው የቀባኋት።»

«ታዲያ ድገመዋ» አልሁት።

«ወርቄን በዚህ ዝገት ላይ ላስቀምጣት ነበር» አለ። ሚስቱ ነኝና ለብቻው ሲፈራ አልወድም።

ወደ በረንዳው ሄዶ አባ ፊት ጎንበስ አለ። «ይፍቱኝ አባ። ጸበሉ ያረፈበትን ልፍቀው ነው» አላቸው። አባ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። «እርጥብ ቀለም ላይ የረጨሁት እኔ፣ ይፍቱኝ የምትለው አንተ? እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ፋቀው። ጸበሉን የረጨሁት ለልጅቱ ነው፣ ለቀለሙ አይደለም» አሉት። ጠላቸውን አስቀምጠው ብርጭቆ ወረቀት አነሡ። እንዳይለፉ ብንላቸው ወይ ፍንክች።

ማዕረግ ጎማውን አስጠግኖ ሲመለስ ጀልባዋን ተፍቃ አገኛት። በማለዳ ልሄድ ብሎ ነበር የመጣው። «አባቴ፣ ወርቄ እኮ ቀኗ ደርሷል። ወንዝ ማዶ ምጥ ቢይዛት ማን አላት?» አለ። ሀብቴ መፋቁን ቀጠለ። እኔ ግን ግንፍል አለብኝ። «ቸኩለህ ልጄን በወንፊት ልታሻግራት ነው? እዚያ ተቀመጥና ፋቅ!» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ብሩሹን ያዘ። ቆይቼ ሳየው ዓይኑ ቀልቷል። የእኔ ልጅ የእሱም ሚስት ናት፤ አሳዘነኝ፣ እንጀራ አጉርሼው ታረቅን።

አስቸጋሪው እንጨቶቹ ላይ ያረፈው ቦታ ነው። በክሪክ ሊያነሷት ሞከሩ፤ በአንድ በኩል ከፍ ስትል በሌላው መንሸራተት ጀመረች። ያን ጊዜ አባ «የእድሩ ድንኳን ቋሚዎች የት ናቸው?» አሉ። ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንዶች ናቸው፤ ከጀልባዋ ሥር ቢገቡ ወንዶቹ በትከሻቸው ያነሷታል። የእድሩን ዕቃ የሚጠብቀው ጎረቤታችን ግን ፊቱ ተለወጠ። «አባ፣ እነዚህ ለለቅሶ ነው የሚወጡት። ለነፍሰ ጡር ይህን ማውጣት ሟርት አይሆንም?» አላቸው። እውነት ለመናገር እኔም ሰውነቴን ቀፈፈኝ። አባ ግን «ለቅሶ እንዳይመጣ ነው የሚወጡት። አምጣ ልጄ» አሉት።

የሰፈሩ ወንዶች ሊቀብሩ ሲሄዱ እንኳ እንዲያ ተጠንቅቀው አይሸከሙም። አነሷትና ጥቂት ፈቀቅ አድርገው መልሰው አስቀመጧት። ተሸሽጎ የነበረው ዝገት ፊት ለፊት ወጣ። ሀብቴ እስኪነጣ ፋቀው፣ ቀባው፣ እስኪደርቅ ጠበቀና ደግሞ ቀባው። በዚህ ጊዜ ለጎኗ ቁብ አልነበረውም፤ ሆዷን ብቻ። ዜማም አላዜመም። እኔ ወርቄ ጋ እየደወልሁ «እንዴት ነሽ?» እላለሁ፤ እሷም «ደህና ነኝ እማዬ» ትላለች፣ ደህና ባልሆነ ድምፅ።

ቀለሙ ደርቆ ተሳቢው ሲወጣ ሀብቴ ጋቢውን ደርቦ ፒካፑ ውስጥ ገባ። «አንተ ደግሞ የት?» አልሁት። «አብሬያት እወርዳለሁ» አለ። ወርቄን ይሁን ጀልባዋን አልገባኝም፤ አልጠየቅሁትምም።

በማግስቱ የሆነውን በኋላ ከማዕረግም ከወርቄም ሰምቻለሁ። ጀልባዋ ተከዜ ላይ ስትወርድ ሀብቴ «ልጄ ሳትገባባት እኔ ልግባባት» ብሎ ግግም አለ። ዋና አያውቅም። የደባርቅ ሰው ዋና ከየት ያውቃል? ከማዕረግ ጋር ማዶ ተሻገረ። ወርቄን ደግፈው አስቀመጧትና ለመመለስ ተነሡ። እሷ ወንዙን ስታይ፣ እሱ ፊቷ ቁጢጥ ብሎ የጀልባዋን ወለል ነው የሚያየው። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ወለሉ ላይ ውኃ አየ። ከእግሯ ሥር ተነሥቶ እየሰፋ ይመጣል።

ጋቢውን ገፎ ደፋበት። በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀዳዳውን በመዳፉ መፈለግ ጀመረ። «በደልሁሽ ልጄ፣ በደልሁሽ» ይላል። ማዕረግም ደንግጦ ሞተሩን ሊያጠፋው ነበር። ወርቄ የአባቷን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገችው።

«አባዬ፣ ጀልባዋ አይደለችም። እኔ ነኝ። የእንሽርት ውኃዬ ነው» አለችው።

ማዕረግ ከመሻገሪያው ሲደውልልኝ የሰማሁት «ጤና ኬላ ገብታለች» የሚለውን ብቻ ነው፤ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ቅቤዬንና የገንፎ ዱቄቴን ታቅፌ ያገኘሁት መኪና ላይ ወጣሁ። እናት ቤት ካልመጣች እናት ትሄዳለች። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ሁሉ ማርያምን ጠራሁ፤ ዛሪማ ደርሰን ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ ሲል የነገርሁትን እዚህ አልደግመውም።

ስደርስ ሀብቴ ከጤና ኬላዋ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እርጥቡን ጋቢ ጭኑ ላይ ጠቅልሎ ይዞታል።

«ወርቄስ?» አልሁት።

«አላፈሰሰችም» አለኝ። «ጋቢውን አንሥቼ አየሁት፣ ወለሏን በሙሉ ዳበስሁት። ከታች አንዲት ጠብታ አልገባም፣ ባንቻየሁ።»

«አንተ ሰው፣ ስለ ጀልባ ማን ጠየቀህ? ልጄስ?»

«ውስጥ ናት። ተገላግላለች። ደህና ናት።»

«ምን ወለደች?»

ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ። «እሱን አልጠየቅሁም» አለኝ።

ልቆጣው ነበር። አልቻልሁም፣ እኔም አለቀስሁ። እጁን ያዝሁና ሊጠይቅ አብረን ገባን።