እርጉም እጅ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ እህቴ ቤት፣ አዲስ ግራፊክስ ካርድ፣ ምስል የሚያወጣውን ክፍል፣ ልገጥምላት የኮምፒውተሯን ክዳን ስፈታ የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። ልጆች ሆነን ቃሊቲ የነበረው የአባባ ኮምፒውተርም እንዲሁ ነበር የሚሸተው።

አባባ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ሊገጥም ሲል፣ «መጀመሪያ የድሮውን ካርድ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አጥፋልኝ» አለኝ። ጌም ይዤ ስለነበር ሳላጠፋ «አጥፍቻለሁ» አልኩት። ካርዱ ተገጥሞ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከድሮው ድራይቨር ጋር ተጋጭቶ ስክሪኑ ጨለመ። «ማነው የነካው?» ሲል በጣቴ እህቴን አሳየሁት። ስድስት ዓመቷ ነበር። መዳፏን በኬብል እየገረፈ፣ «ይሄ እጅ እርጉም ነው» አላት። እርጉም ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔ መትረፌ ግን ገብቶኝ ነበር።

ዛሬ የእህቴ ልጅ አዲሱን ካርድ ልትነካ ስትል እናቷ እጇን መታቻት።

«አትንኪ! እጅሽ እኔን ነው የወጣው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«እናትሽን ስሚ» አልኳት።