ለእቴቴ ብለን የሰቀልነው መጋረጃ

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ለእናቴ የዘመን መለወጫ መጋረጃ ልገዛላት ብዬ ሸዋ ሮቢት ገበያ ይዣት ወጣሁ። ባለሱቁ የምንፈልገውን እንኳ ሳይጠይቀን አንድ ጥቅል ቀይ ከፋይ ጎትቶ ባንኮው ላይ ዘረጋው። "የእናት መጋረጃ ማለት ይሄ ነው! ግርማው ብቻውን ቤት ይሞላል" አለ። እናቴ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን አየኋት፤ ሳቃችን አመለጠን። ሰውየው የሳቅንበት መስሎት ፊቱ ቅጭም አለ። "አይ የኔ ልጅ፣ ባንተ አይደለም፤ እኛ ከዚህ ጨርቅ ጋር የቆየ ነገር አለን" አለችው እናቴ።

የቆየው ነገር የሆነው እኔ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት እንኖር ነበር፤ ሳሎኑም መኝታ ቤቱም እሷው ናት። የሸዋ ሮቢትን ክረምት ያደገበት ያውቀዋል። ዝናቡ ጥሎ ጥሎ ሲያባራ ፀሐይዋ ወዲያው ታናጥጣለች፤ መሬቱ ይተናል፤ ግቢው ጭቃና የበሰለ ማንጎ ይሸታል። እኛ ልጆች ግን ምን ገዶን! ጭቃው ጠፈፍ ባለበት ሁሉ ሱዚ ዘርግተን ስንዘል ነው የሚመሸው።

በዚያ ነሐሴ ወባ ያዘኝ። ያን ሁሉ ሙቀት እያየሁ ጥርሴ ሲንገጫገጭ፣ አባቴ ጋቢውን ሲደርብብኝ፣ እናቴ መራራውን ክኒን በስኳር እያባበለች ስታውጠኝ ትዝ ይለኛል። ዳንኩ፤ ግን ከስቼ አንገቴ ክር አህሎ ነበር። ወሬው ተራራውን ወጥቶ መንዝ ደረሰ፤ ከእቴቴ ጆሮ ገባ።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናትና አባታቸው በጊዜ ስለሞቱ አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። አባቴ ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ መልስ የማያጣ ሰው፣ እቴቴ ፊት ግን አንገቱን ደፍቶ "እሺ" ነው። የእቴቴ አንድ ልጃቸው ለማሽላ አጨዳ እኛ ወዳለንበት ቆላ፣ ቀወት ወርዶ ወባ ይዞት ተመልሶ፣ እጃቸው ላይ ነው ያረፈው። ታዲያ የኔን መታመም ሲሰሙ፣ "ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ፤ ቤቱን አያለሁ፤ ለልጅ የማይሆን ከሆነ ልጅቷን ይዣት እወጣለሁ" ብለው ላኩ። ትልልቆቹ ልጅ አይሰማም ብለው ነው መሰለኝ እኔው ፊት አወሩት። እናቴን፣ ሱዚውን፣ ማንጎውን ትቼ ወደማላውቀው ብርድ ልሄድ ነው!

እናቴ ስታስብ ሰነበተችና ዘዴ መጣላት። ቤቱ ካማረ፣ እቴቴ በምን አፋቸው ለልጅ አይሆንም ይላሉ? ለበዓል መግዣ የተቀመጠችውን ገንዘብ ይዛ፣ ጎረቤታችንን እትዬ ዘሀራን አስከትላ፣ እኔን በእጇ አንጠልጥላ ገበያ ወጣች። አንበሳ ያለበት ምንጣፍ ገዛች። የፕላስቲክ አበባና አልጋ ልብስ ገዛች። መጋረጃው ጋ ስንደርስ ባለ አበባውን ስስ ጨርቅ ወዲያ ገፍታ ቀዩን ከፋይ አነሳች። እትዬ ዘሀራ ራሳቸውን ያዙ። "ያ ረቢ! በዚህ ሙቀት ከፋይ? ቤቱን ምድጃ ልታደርጊው ነው?" አሏት። እናቴ ግን ፍንክች አላለችም፤ "እትዬ ዘሀራ፣ ደገኛ ናቸው እኮ፤ ደገኛ የሚወደው ወፍራም ነገር ነው" አለች።

ረጅም ጊዜ የወሰደባት ግን ለእቴቴ የሚሰጠው ስጦታ ነው። ነጠላ እያነሳች፣ እየዘረጋች፣ ጥለቱን እያየች ትመልሳለች። አረንጓዴው አምሮ ነበር፤ እኔም እሱን በይ ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ። "አይ፣ የልጅ ሐዘን ነው ያለባቸው" አለችኝና ጥለቱ ጠቆር ያለውን መረጠች።

ለበዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ቤታችን ሙሽራ ሆነ። ያስቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለው አጎበር። ጤና ጣቢያ የሰጠን ሰማያዊ አጎበር ነው፤ ጢስ ጠጥቶ ደብዝዟል፣ በየቦታው ተጠቃቅሟል። እናቴ ወዲያ ሄዳ አየችው፣ ወዲህ መጥታ አየችው፤ ከአዲሱ አልጋ ልብስ ጋር አልሄድ አላት። "ለእንግዳ ዓይን ያስቀይማል፤ እሳቸው እስኪሄዱ ነው" ብላ በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት አወረደችውና ጆንያ ውስጥ ከታ አልጋ ስር ሸጎጠችው። በሚስማሩም አልጋውን የሚከልለውን የከፋይ መጋረጃ ገመድ ወጠረችበት።

እቴቴ በዚያው ቀን ከሰዓት ደረሱ። ጣርማ በርን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ የጀመራቸው ላብ አንገታቸው ላይ ይንቆረቆራል። ሳሙኝ፣ አገላብጠው አዩኝ፣ "አጥንቷ ቀርቷል" አሉ። ቤት ስንገባ መስኮቱ ዝግ፣ ከፋዩ ወርዶ፣ አየሩ ታፍኗል። እቴቴ ተቀመጡና ከጓዛቸው አንድ ወፍራም የበግ ጸጉር ባና አውጥተው ጭኔ ላይ ጣሉልኝ። "ያንቺ ናት፤ ከገዛ በጎቼ ጸጉር ነው ያሠራሁልሽ" አሉኝ። እኔ ደስ አለኝ፤ የእናቴ ፊት ግን አመድ መሰለ። በሸዋ ሮቢት አንሶላ እንኳ ተገፍፎ ነው የሚታደረው። እንዲህ ያለ ባና የሚለበሰው አንድ ቦታ፣ መንዝ ብቻ ነው፤ መኝታዬን አዘጋጅተው ሊወስዱኝ ነው የመጡት።

እናቴ እንደምንም ብላ ነጠላውን አቀረበች። እቴቴ ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱና፣ "ሐዘኔን አልረሳሽብኝም፤ ተባረኪ" አሉ። ልቤ መለስ ሲልልኝ፣ "ለመሆኑ ይቺ ልጅ የት ነው የምትተኛው?" ብለው ጠየቁ። እናቴ በኩራት ብድግ ብላ ከፋዩን ገለጠችና አዲሱን አልጋ ልብስ አሳየቻቸው። እቴቴ አልጋውን አላዩትም። ቀና ብለው ጣራውን ነው ያዩት።

"አጎበሩስ?"

"አለን እቴቴ። ለበዓሉ ብዬ... ደብዝዞ ስለነበር ነው ያወረድኩት።"

"ለኔ ዓይን ብለሽ ልጅሽን ለቢንቢ?" አሉ። ከዚያም ወደ አባቴ ዞረው ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ከበዓሉ በኋላ ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ" አሉት። አባቴ አንገቱን አከከ። እናንተዬ፣ ያን ቀን አባቴን እንዴት እንደጠላሁት!

እናቴ ከነጫማዋ አዲሱ አልጋ ልብስ ላይ ወጣችና ያን የደከመችበትን ከፋይ ከነገመዱ ጎትታ አወረደችው። ጆንያውን ከአልጋ ስር አወጣች። አጎበሩን ሰቀለች፣ ጠርዙን ዙሪያውን ፍራሹ ስር ወተፈች፣ ከዚያ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። እቴቴ ተነስተው ቀረብ አሉ። መረቡን ይዘው በጣታቸው አንዱን ጥቃም ዳሰሱ፤ ቀጥለው ሌላውን። አንዱ በጥቁር ክር ነው፣ አንዱ በነጭ፣ አንዱ ከአባቴ ሹራብ በተተረተረ ቀይ ክር። ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አልነበረም። በታመምኩ ጊዜ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነው ስትጠቅመው የከረመችው፤ ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር መርፌዋን ይዛ አያት ነበር።

"አንቺው ነሽ የጠቀምሽው?" አሉ እቴቴ።

"ሌላ ማን አለልኝ?"

እቴቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። አዲሱን ነጠላ ፊታቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። "የኔን ልጅ ማሳ ዳር ነው ያስተኙት። እንዲህ የምትጠቅምለት እናቱ ደግሞ ተራራ ላይ ነበረች" አሉ። ከዚያ እናቴን እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና፣ "ልጅሽን ካንቺ ነጥዬ የት ልደርስ ኖሯል? ተያት፣ እዚሁ እጅሽ ላይ ትደግ። ባናውን ይዤው እመለሳለሁ፤ ልታየኝ ስትመጣ ትለብሰዋለች" አሏት።

እፎይ! ያኔ ከሆዴ ላይ የተነሳው ድንጋይ ዛሬም ይታወቀኛል። እናቴ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። አባቴ ያፈነውን ትንፋሽ ለቆ ያለምክንያት ይስቅ ጀመር። እቴቴ ደግሞ እንባቸውን ሳይጨርሱ፣ "ኧረ በእመቤቴ፣ መስኮቱን ክፈቱልኝ! ታፍኜ ልሞትላችሁ ነው!" ብለው ጮኹ። ለካ ከገቡ ጀምሮ በይሉኝታ ነው የተቀቀሉት። መስኮቱም በሩም ተበረገደ። እትዬ ዘሀራ በደጅ ሲያልፉ አንገታቸውን አስግገው፣ "እኔ ብዬ ነበር!" አሉና ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት እቴቴ ከጣርማ በር መንገድ ዳር ቀጥፈው ያመጡልኝን የጠወለገ አደይ አበባ ይዤ፣ የመጀመሪያውን ዘፈኔን የዘፈንኩት ለእሳቸው ነው።

ዛሬ እቴቴም አባቴም የሉም። እኔ ደብረ ብርሃን ወልጄ ከብጄ፣ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። የእናቴ ቤት ሦስት ክፍል ሆኗል፤ መስኮቱ ወንፊት ተገጥሞለታል፣ ቬንትሌተርም አላት። በዓል ሲመጣ እንደዚያን ጊዜ ተጨንቃ ዕቃ የምትመርጥለት ሰው የለም፤ እኔ ያመጣሁላትን ሁሉ "ምን አደከመሽ" ነው የምትለው። የእቴቴን ቁጣ ግን አንዳንዴ እንናፍቀዋለን። ያን ቀን ስስ ነጭ መጋረጃ ገዝተን በባጃጅ ስንመለስ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ልጠይቃት ፈልጌ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት፤ እቴቴ ይዘውኝ ቢሄዱ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?

አላሰበችበትም እንኳ። "በማግስቱ ነበራ የምከተልሽ! ደጃቸው ላይ ቆሜ፣ 'እቴቴ፣ ልጄን ካሳደጉ እኔንም ያሳድጉኝ' እላቸው ነበር" አለችኝ።