ከጅቡቲ በጄሪካን የመጣ ባሕር

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ቤት ሄጄ ሳሎኑ ውስጥ ካለው የዓሣ ሣጥን ፊት ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ልጁ ቀጭን ወረቀት ጨዋማው ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ ቀለሙን ካየ በኋላ ውሃው ደህና እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ግን ልቤ በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የአባቴ በረንዳ ላይ ነበር።

አባዬ ባቡር ነጂ ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ጡረታ ሲወጣ፣ ዕድሜ ልኩን ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ሰው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቀረ። አንድ ግሪካዊ ጎረቤታችን ጓዙን ሸክፎ ሲሄድ የመስታወት ሣጥንና አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር ትቶልን ነበር። ባልደረቦቹ ታዲያ ባሕሩ እንዳይናፍቀው ብለው በጄሪካን ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ ቢጫ መስመር ያላት አንዲት ዓሣ ይዘውለት መጡ።

ከዚያ ወዲያ ባቡር በገባ ቁጥር አንዱ ጄሪካን አንጠልጥሎ ብቅ ይላል። ከሁሉ የማይቀረው ለብዙ ዓመት የአባዬ ረዳት የነበረው አብዲ ነው፤ ቀልደኛ የሽንሌ ሰው። አይሻ ጣቢያ ላይ ነፋሱ እንዴት እንደዋለ፣ ድንበሩ ደወሌ ላይ ፍተሻው ምን ያህል እንዳቆያቸው ሲያወራ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማዋል። በድሬ ሙቀት የሣጥኑ ውሃ በየቀኑ ዝቅ ስለሚል የመጣው ሁሉ ይጨመርበታል። የባሕር ውሃ ሲጎድል በባሕር ውሃ ቢሞላ ምን ክፋት አለው?

ሰኔ ሲገባ ዓሣዋ መብላት ተወች፤ ጥግ ይዛ መተንፈስ ብቻ ሆነ ሥራዋ። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ፣ ፊዚክስ የምወድ ልጅ ነበርኩ። ሽቶዋ ያለቀ ቀጭን ብልቃጥ ውስጥ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ጨምሬ አፏን በሻማ ደፈንኩ። አብዲ ገና ያመጣው ውሃ ላይ አንሳፈፍኳትና ውሃው የደረሰበትን በቀይ የጥፍር ቀለም አሰመርኩ። ወደ ሣጥኑ ሳዛውራት ቀዩ መስመር ከውሃው በላይ ቀረ፤ ውሃ ጨው ሲበዛበት የተንሳፈፈበትን ነገር ወደ ላይ ያነሳዋል። የሣጥኑን ውሃ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ይመራል። ሙቀቱ የሚወስደው ውሃውን ብቻ ነው፣ ጨው እዚያው ይቀራል። እኛ በጨው ላይ ጨው ስንጨምር ከርመናል።

ለአባዬ ነገርኩት። ከእንግዲህ በበርሜል ያጠራቀምነው የዝናብ ውሃ ብቻ ይጨመር፣ ሰዎቹም ማምጣቱን ይተዉ አልኩት። ብልቃጧን በእጁ አገላበጣት።

«ውሃ አታምጡ ካልኳቸው ምን ብለው ይመጣሉ?» አለኝ።

አባቴ ብቸኝነትን እንደሚፈራ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

የዝናቡን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርን። ቀዩ መስመር ወደ ቦታው ሲወርድ ዓሣዋም ከጥጓ ወጣች። ባቡሩ ሲገባ አብዲ ጄሪካኑን ይዞ ከተፍ አለ፤ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ሲያመራ አባዬ አስቆመውና ሁሉንም ነገረው። አብዲ ጄሪካኑን እንደያዘ በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ፤ የሚያስቀምጥበት ጠፋው። አባዬ ያን ጊዜ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ እንዳመጣ ጠራኝ።

«ለሷ በቅቷታል አቦ» አለው። «ይሄኛው ለእግሬ ነው።»

አብዲ ውሃውን ሳፋው ውስጥ ገለበጠ። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አወለቀ፣ ሽርጡን ሰበሰበና እግሩን ከአባዬ እግር ጎን ነከረ።

«ያረጀው ያንተ እግር ብቻ ነው እንዴ?» አለ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ሁለቱ በአንድ ሳፋ ባሕር ውስጥ ሆነው ከድሬ እስከ ጅቡቲ ያሉትን ጣቢያዎች በወሬ አንድ በአንድ አለፉ። እኔ ከበሩ ጋ ሆኜ እያየኋቸው ደስ አለኝ። ከዚያም በኋላ ሰዎቹ መምጣት አላቆሙም፤ አንዳንዴ ጄሪካን ይዘው፣ አንዳንዴም ባዶ እጃቸውን።

የወንድሜ ልጅ ዓርብ ዓርብ ሐልዋ ይዞልኝ ይመጣል። ስኳር በሽታ እንዳለብኝ አያውቅም፤ ካርቶኑን ተቀብዬ ለጎረቤት ልጆች አድላለሁ። እንዳልነግረው የሚይዘኝ አባዬ የፈራው ነገር ነው፤ ሐልዋው ከቀረ ምን ብሎ ይመጣል? በሚመጣው ዓርብ እነግረዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ፤ ሳፋዬን ግን ገና አላገኘሁም።