የማዋለጃ ክፍሏ አስተርጓሚ

አገኘሁሽ የጤና ጣቢያውን ማዋለጃ ክፍል ማጽዳት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። የሚያስጠላት ደሙ ወይም በረኪናው አይደለም፤ እነሱን እጇ ለምዷቸዋል። የሚያስጠላት የገዛ አፏ ነው።

ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ አካባቢ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። እሷ ግን ከአገሬው የበርታ ልጆች ጋር ውሃ እየቀዳች፣ ማንጎ እየለቀመች ስላደገች ቋንቋቸውን ከአማርኛዋ እኩል ትናገራለች። ወደ ጤና ጣቢያው የሚመደቡት አዋላጆች ደግሞ ከጎጃም፣ ከሸዋ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሠርተው ዝውውር ይጠይቃሉ፣ በርታኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ምጥ የያዛት ሴት በመጣች ቁጥር "እትዬ አገኘሁሽ፣ ነይልን እስኪ!" ትባላለች። መወልወያዋን በሩ ላይ ታስደግፍና ትገባለች። ለዚህ ሥራ የተጻፈላት ደብዳቤ የለም።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉን እንዳለ ትናገር ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ሕፃኑ እንዲወጣ በመቀስ እንደምትቆረጥ ስትሰማ ከአልጋው ወርዳ በበሩ ወጣች፤ የጊዜው አዋላጅ የጮኸው ግን በአገኘሁሽ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ "ልቆርጣት ነው በያት" ሲሏት "አይዞሽ፣ አሁን ያልቃል" ማለት ለመደች። የምጥ ማፋጠኛ መርፌ ግሉኮሱ ውስጥ ሲጨመር "ጉልበት ይሰጥሻል" ትላለች። ሴቶቹ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸው ተሰቅሎ፣ ያልጠበቁት ብረት ሲያርፍባቸው ይጮኻሉ። እሷ እጃቸውን ትይዛለች። በኋላ ባልዲውን ደፍታ ምራቋን ትተፋለች፤ ቤቷ ገብታ ደጋግማ ብትታጠብም እህል አፏ ውስጥ ይዞራል።

ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት ስትና የምትባል የበርታ ወጣት መጣች። ወንዝ ዳር ወርቅ ከአሸዋ ስታጥብ ምጥ ይዟት ባሏ ማህጁብ በሞተር ሳይክል ያመጣት፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ናት። አልጋው ላይ አልወጣም አለች።

"ምን ሆና ነው?" አለ አዋላጁ ቢሻው። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ ማረሙን ከተወ ቆይቷል።

"ተንበርክኬ ልውለድ ነው የምትለው፣ ዶክተር።"

"እና እኔ አልጋ ሥር ገብቼ ልቀበል ነው?"

አገኘሁሽ ወደ ስትና ዞራ "ለጊዜው ተኚ፣ በኋላ ይፈቅድልሻል" ብላ ዋሸቻት። ስትና አመነቻትና አልጋው ላይ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የሕፃኑ ጭንቅላት ብቅ እያለ ይመለስ ጀመር። ቢሻው ቀንድ የመሰለውን ማዳመጫ ሆዷ ላይ ደፍቶ አዳመጠ፤ ፊቱ ተለወጠ።

"ልቡ እየዘገየ ነው። ልቆርጥ ነው፣ በያት" አለና መቀሱን አነሳ።

"አይዞሽ" የሚለው ቃል አገኘሁሽ ምላስ ላይ ደርሶ ጎመዘዛት። ስትና ዓይን ዓይኗን እያየች ትጠብቃለች።

"ሊቆርጥሽ ነው" አለቻት በበርታኛ። "ከታች፣ በመቀስ፣ መውጫው እንዲሰፋ። የልጁ ልብ ደክሟል ይላል።"

"እውነት ደክሞ ነው ወይስ እሱ ቸኩሎ?"

አገኘሁሽ ይህንንም እንዳለ ነገረችው።

"እሷ ናት ያለችው ወይስ አንቺ?" አለ ቢሻው።

"እሷ ናት። እኔም ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።"

ቢሻው መቀሱን አስቀመጠ። "ደክሟል። ሁለት ምጥ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም።"

"ተንበርክካ ትጠብቅ?"

"እሺ፣ ቶሎ በሉ!"

ስትና የአልጋውን ራስጌ ይዛ ተንበረከከች። አንደኛው ምጥ ሲመጣ ሕፃኑ ወረድ አለ። በሁለተኛው ካለበት አልተነቃነቀም። ቢሻው እንደገና አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

"ይቁረጥ" አለች ስትና ሳይተረጎምላት። "ግን መቀስ ያለው ሰው ማደንዘዣ የለውም? አሶሳ ጥርሴን ሲነቅሉኝ እንኳ ወግተውኛል።"

ቢሻው ይህ ሲነገረው ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ማደንዘዣው አቧራ የለበሰ ሙሉ ካርቶን ነበር።

"እዚህ ነበር?" አለች አገኘሁሽ።

"ነበር። ማን ጠይቆ ያውቃል?"

የተናገረው በክፋት አልነበረም፤ ያም ይበልጥ አስጠላት። መርፌው ከያዘ በኋላ ቆረጠ። ስትና ጥርሷን ነክሳ ገፋች እንጂ አልጮኸችም። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጥቂት አስጨንቃቸው አለቀሰች።

ስፌቱ ሲያልቅ ስትና ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ በሌላው እጇ የአገኘሁሽን እጅ ያዘች።

"እህቴ፣ አምና የባሌ እህት እዚህ ወልዳለች። 'ሳይነግሩኝ ቀደዱኝ፤ የምታስተረጉመው ሴት ግን ደግ ናት፣ እጄን ይዛኝ ነበር' ብላኛለች። አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ማደንዘዣ ጠይቂ አላልሻትም?"

"መቀስ እንዳለም አልነገርኳት።"

ስትና ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀችና ፊቷን ከሕፃኗ ጋር ወደ ግድግዳው አዞረች።